ቃለ ጉባኤው ይታረምልኝ፦ ለተማሪዎች ኅብረት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለተማሪዎች ኅብረት ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣
ለተማሪ ተወካዮች ጉባኤ፣
ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት፣

ጉዳዩ፦ ሦስት የተጠሪ መቀመጫዎችን የሰረዘው ውሳኔ እንደገና እንዲታይ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ኮሚቴው ባለፈው ወር ባደረገው ስብሰባ የሴት ተማሪዎች፣ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችና የማታ ተማሪዎች ተጠሪዎች በሥራ አስፈጻሚው ውስጥ የነበሯቸውን ሦስት መቀመጫዎች ሰርዞ፣ በምትካቸው በፕሬዚዳንቱ የሚሾም፣ ድምፅ የማይሰጥ አንድ «የብዝኃነት ጉዳዮች አማካሪ» እንዲኖር መወሰኑን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አንብቤአለሁ። በዚያው ወረቀት ግርጌ፣ የስብሰባ አጀንዳ ለአባላት የሚደርስበት ጊዜ ከ7 ቀን ወደ 24 ሰዓት ዝቅ ማለቱ በአንድ መስመር ተጠቅሷል። ተማሪው ሲነጋገር የሰነበተው ስለ መቀመጫዎቹ ነው፤ ያቺን የግርጌ መስመር ልብ ያላት ግን ጥቂት ነው። እኔ ሁለቱ ተነጣጥለው ሊታዩ አይገባም ባይ ነኝ፤ እንዲያውም ከሁለቱ የባሰችው የግርጌዋ መስመር ሳትሆን አትቀርም።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ በመታዘብ አይደለም። ለሁለት ዓመት የኅብረቱ ጸሐፊ ነበርኩ፤ አሁን የምትመሩባቸው ደንቦች ግማሾቹ በእኔ እጅ የተጻፉ ናቸው፤ ከዚህ በታች ከምነቅፋቸው ልማዶችም አንዳንዶቹን ያስጀመርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ስለዚህ ደብዳቤዬ ከክስነቱ ይልቅ ኑዛዜነቱ ቢያመዝን አይፈረድብኝ።

በመጀመሪያ አንድ ምሽት የሆነውን ልንገራችሁ፤ ከእናንተ መካከል ሁለታችሁ በቦታው ስለነበራችሁ ሳታስታውሱት አትቀሩም። ስብሰባው እንደ ወትሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተጠርቶ ነበር፤ አሳንሰሩ ደግሞ ከተበላሸ ሰንብቷል። የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ተጠሪ የነበረችው እኅታችን የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ወደ ታች ወርደን እንሰብሰብ ያለ ሰው አልነበረም፤ «በስልክ ትግባ» ተባለና ስልክ ተደውሎላት፣ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቶ ጠረጴዛው መሐል ተቀመጠ። ውይይቱ ሲሞቅ ወረቀት በወረቀት ላይ ተደራረበና ስልኩ ከሥር ቀረ። የዕለቱ ዋና አጀንዳ ከሕንፃው መግቢያ አጠገብ የነበረችው ትንሽ የንባብ ክፍል የኅብረቱ ቢሮ እንድትሆን የቀረበው ሐሳብ ነበር፤ ደረጃ ሳይወጡ ሊገቡባት የሚቻል የንባብ ክፍል ደግሞ በሕንፃው ውስጥ ያቺ ብቻ ነበረች። ሰብሳቢው «የሚቃወም አለ?» ብሎ ዙሪያውን ቃኘ፤ እጁን ያነሣ አልነበረም፤ እኔም «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ የመገኘት ፊርማ ላስፈርማት የስም ዝርዝሩን ይዤ ወረድኩ። መግቢያው ላይ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ለመስማት ስትሞክር ደረስኩ። «ይቆራረጥብኛል» አለችኝ፤ «ድምፅ ተሰጠ እንዴ?» ተሰጥቷል አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና ወረቀቱን ተቀብላ ፈረመች። ያ ፊርማ ባይኖር ኖሮ ምልዓተ ጉባኤው አይሟላም ነበር። እንግዲህ ስብሰባው እንዲጸና ተቆጠረች፤ ውሳኔው ሲያልፍ ግን አልተቆጠረችም። ያን ምሽት ከመካከላችን ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ደክሞን ነበር፤ ሁላችንም ደረጃ መውጣት እንችላለን።

ነገሩን ያከበደብኝ ኋላ ያነበብኩት የደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተው የደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች ብሔራዊ ኅብረት አፓርታይድን የሚቃወም፣ ጥቁርም ነጭም ተማሪዎች በአባልነት ያሉበት፣ መሪዎቹ ግን በአብዛኛው ነጮች የሆኑበት ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ዓመታዊ ጉባኤው በሮድስ ዩኒቨርሲቲ ሲደረግ ዩኒቨርሲቲው ጥቁር ልዑካን ከነጮቹ ጋር በአንድ ግቢ እንዳያድሩና አብረው እንዳይመገቡ ከለከለ። በጊዜው የሕክምና ተማሪ የነበረው ስቲቭ ቢኮ ዘር የማይለይ ቦታ እስኪገኝ ድረስ ጉባኤው እንዲቋረጥ ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡ በድምፅ ተሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ ጥቁር ተማሪዎች የራሳቸውን የደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች ድርጅት መሥርተው ቢኮን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንታቸው አደረጉት። ለመለያየቱ ሌሎች ሥር የሰደዱ ምክንያቶች እንደነበሩ አልስትም፤ የአፓርታይድንም ግፍ ከእኛ የተበላሸ አሳንሰር ጋር የማወዳደር ድፍረት የለኝም። ልቤን የነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነዚያ መሪዎች በመግለጫቸው ላይ ትክክል ነበሩ። ስተው የተገኙት ጉባኤው የት ይደረግ፣ ማን የት ይደር በሚለው፣ የአስተዳደር ጣጣ ብቻ በመሰላቸው ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ውሳኔያችሁ ልመለስ። በወረቀታችሁ ላይ የሰጣችሁት ምክንያት «የውሳኔ ቅልጥፍና» የሚል ነው፤ 11 ሰው ለሥራ አስፈጻሚ ይበዛል፣ 8 ይበቃል ትላላችሁ። 11 ሰው መበርከቱን አልክድም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ቃለ ጉባኤ የያዘ ሰው ጊዜ የት እንደሚባክን ያውቃል። የኅብረቱ ዓርማ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ በሚል ሁለት ሰዓት ተኩል የተከራከርንበትን ምሽት መቼም አልረሳውም፤ በዚያ ክርክር ከሦስቱ ተጠሪዎች አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም። በአንጻሩ፣ የምርጫ መርሐ ግብር ስናወጣ የማታ ተማሪዎች ተጠሪ እጁን አንሥቶ የምርጫ ጣቢያው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ፣ የማታ ተማሪ ግን ከሥራ ወጥቶ ግቢ የሚገባው ከ11 ሰዓት በኋላ እንደሆነ ተናገረ። ከመካከላችን ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። ሰዓቱን እስከ ማታ 2 ሰዓት አራዘምነው፤ የወሰደብን ጊዜ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ያ ሰው ባይኖር ኖሮ በደንቡ መሠረት የመምረጥ መብት ያለው አንድ ሙሉ የተማሪ ክፍል በሩ ተዘግቶ ባገኘው ነበር፤ እኛም ስለ ምርጫው ቅሬታ ስንሰማና ስንመረምር አንድ ሴሚስተር በፈጀን ነበር። ብዝኃነት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቸርነትን ነው፤ ለእነርሱ ቦታ ሰጠናቸው እንላለን። እኔ እንዳየሁት ግን ሰጪዎቹ እነርሱ ናቸው፤ የሌለንን መረጃ ይዘውልን ይመጣሉ።

ሁለተኛው ምክንያታችሁ በወረቀቱ ላይ ባይጻፍም በቃል ሲነገር ሰምቼዋለሁ፦ «እኛ በመላው ተማሪ ስለተመረጥን ሁሉንም እንወክላለን፤ መለኪያው ብቃት ነው።» ይህ አባባል በቅንነት እንደሚነገር አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ የምንመርጥበትን መንገድ ሒሳብ ሠርቶ ማየት ይገባል። ለምሳሌ 1,200 ተማሪ ድምፅ ሰጠ፣ 5 መቀመጫ አለ፣ እያንዳንዱ መራጭም እንደ እኛ ደንብ 5 ስም ያመለክታል እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 620 ተማሪዎች በአምስት ስሞች ላይ ከተስማሙ አምስቱም ዕጩዎች እያንዳንዳቸው 620 ድምፅ አግኝተው ያልፋሉ፤ የቀሩት 580 ተማሪዎች በሌሎች አምስት ስሞች ላይ ቢስማሙ እንኳ አንድ መቀመጫ አያገኙም። ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ተማሪ ከኮሚቴው ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ማንም ግን ደንብ አልጣሰም፣ ማንም አላጭበረበረም። ብቃት ከዚህ ሒሳብ ውስጥ የት ጋ እንደገባ ሊያሳየኝ የሚችል ካለ ለመማር ዝግጁ ነኝ።

ሌላ መንገድ እንዳለ ታውቃላችሁ። አየርላንድና ማልታ ከ1921 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው የሚመርጡበት፣ በብዙ የተማሪ ማኅበራትም የሚሠራበት ተሸጋጋሪ ድምፅ የሚባለው ሥርዓት አለ። መራጩ ዕጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ በምርጫው ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ አንድ ዕጩ ለማለፍ የሚያስፈልገው የድምፅ መጠን አስቀድሞ ይሰላል፤ ከዚያ በላይ የተረፈው፣ እንዲሁም ከውድድር የወጡት ዕጩዎች ያገኙት ድምፅ መራጩ በቀጣይ ወዳመለከተው ሰው ይተላለፋል። በዚያው ምሳሌ 1,200ን ለ6 አካፍለን 1 ብንጨምርበት የማለፊያው ልክ 201 ድምፅ ይሆናል። 620ዎቹ ሦስት ሰው ያሳልፋሉ፣ 580ዎቹ ሁለት። ተማሪዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ፍላጎታቸውም አልተለወጠም። የተለወጠው የአቆጣጠሩ ስልት ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የምርጫ ደንባችን እንዲህ ቢሻሻል እኔ ራሴ ስለ ልዩ መቀመጫዎች ይህን ያህል አልሟገትም ነበር።

ምክንያቱም መቀመጫዎቹ እንከን የላቸውም አልልም። የሴት ተማሪዎች ተጠሪ የነበረችው ባልደረባችን በበጀት አሠራር ከሁላችንም የተሻለ ዕውቀት ነበራት፤ ነገር ግን የበጀት አጀንዳ ሲነሣ ሰብሳቢው ወደ እርሷ ዞሮ አያውቅም፤ የመታጠቢያ ቤት መብራት ጉዳይ ሲነሣ ግን ሁሉም ወደ እርሷ ያያል። ሰሞኑን የድሮ ቃለ ጉባኤዎቼን ሳገላብጥ ያፈርኩበት ነገር አገኘሁ። አንድ ጊዜ የክበባት ድጋፍ በአባል ብዛት ሳይሆን በሥራ ዕቅድ እንዲከፋፈል እርሷ የተናገረችውን «አስተያየት ተሰጥቷል» ብዬ አልፌዋለሁ፤ ከሁለት ስብሰባ በኋላ ያንኑ ሐሳብ አንድ ወንድ አባል ሲያነሣው «ሐሳብ አቅርቦ ጸድቋል» ብዬ በስሙ ጽፌለታለሁ። እጄ እንዲህ እንዲጽፍ ያዘዘው ሰው አልነበረም። «ሴቶች የራሳቸው ቦታ አላቸው» እየተባለም በዋናው ውድድር ሴት ዕጩዎች ሲገፉ አይቻለሁ። ደግሞም ሴት ተማሪዎች ሁሉ አንድ ሐሳብ የላቸውም፤ የማታ ተማሪዎችም እንደዚያው። ተጠሪ የሚባል ሰው የእነዚህን ሁሉ ልብ በአንድ አፍ ሊናገር አይችልም።

ታዲያ እንከኑ ይህ ከሆነ ያመጣችሁት መድኃኒት በሽታውን የሚያብስ ነው። ሦስቱን ወደ አንድ ስታጠፉ፣ አንድ ሰው የሴቶችንም፣ የአካል ጉዳተኞችንም፣ የማታ ተማሪዎችንም ጉዳይ፣ ሌላ ያልተጠቀሰም ካለ እርሱንም ጭምር ተሸክሞ ብቻውን ይቀመጣል ማለት ነው። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሮዛቤት ሞስ ካንተር እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው ጥናት፣ በአንድ የሥራ ቡድን ውስጥ ከ15 በመቶ የማይበልጥ ድርሻ ያላቸው ሰዎች ምን እንደሚገጥማቸው ዘርዝራለች፦ ሥራቸው ሳይሆን መለያቸው ይታያል፤ የሚናገሩት ሁሉ እንደ ወገናቸው ቃል ይቆጠራል፤ አስቀድሞ ወደተሰፋላቸው ሚናም ይገፋሉ። ከ11 ሦስቱ ቢያንስ እርስ በርሳቸው ይተያዩ ነበር፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ራሱን ይነቀንቅለታል። አማካሪያችሁን ግን የሚያግዘው የለም፤ ድምፅም የለው። ሹመቱ ደግሞ ከፕሬዚዳንቱ እጅ የመጣ ስለሆነ፣ ፕሬዚዳንቱን በተቃወመ ማግሥት ከቦታው እንደማይነሣ ምን ዋስትና አለው? በወረቀታችሁ ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም።

ስለ 24 ሰዓቱ። እዚህ ላይ ትዕግሥታችሁን እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ጉዳይ ደረቅ ይመስላል።

ተጠሪን ከግለሰብ የሚለየው የወከላቸውን ሰዎች ጠይቆ መምጣቱ ነው። አጀንዳው በ7 ቀን ሲደርስ የማታ ተማሪዎች ተጠሪ በሳምንት ውስጥ ሁሉንም ክፍሎች አንድ አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል፤ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይፈለግላቸዋል፤ ማየት የተሳነው ተማሪ ሰነዱ በፎቶ ከተላከለት ኮምፒውተሩ ሊያነብለት ስለማይችል በጽሑፍ እንዲላክለት ለመጠየቅ ጊዜ ያገኛል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከዚህ አንዱም አይሆንም። ያን ጊዜ ተጠሪው ይዞ የሚመጣው የራሱን አስተያየት ብቻ ነው፤ እናንተም «የግልህን ነው የምትናገረው» ትሉታላችሁ፤ ትክክልም ትሆናላችሁ፣ እንዲያ ያደረጋችሁት ግን እናንተው ናችሁ። 24 ሰዓት የማያጣብበው አስቀድሞ የተነጋገረ ሰውን ብቻ ነው።

እኔም አስቀድመው ከሚነጋገሩት አንዱ ነበርኩ። ከስብሰባ በፊት በነበረው ምሽት በቴሌግራም አምስት ሆነን እንጻጻፍ ነበር፤ ለተንኮል ሳይሆን አንድ ፋኩልቲ ስለምንማርና ማደሪያችንም ጎን ለጎን ስለነበረ ነው። ማን ሐሳቡን እንደሚያቀርብ፣ ማን እንደሚደግፍ እዚያው እንጨርሳለን። በማግሥቱ ስብሰባው ሲከፈት ለእኛ አልቋል፤ ለስድስቱ ገና መጀመሩ ነው። ከስድስቱ አንዱ ጥያቄ ሲያነሣ «ጊዜ ታባክናለህ» የሚል ፊት እናሳየው እንደነበር ዛሬ ላይ ሆኜ ይታየኛል። ንባብ ክፍሏ ቢሮ እንድትሆን የቀረበው ሐሳብም የመጣው ከዚያ ውይይት ነው። በአምስታችን መካከል በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አልነበረም፤ ሴት አልነበረችም፤ የማታ ተማሪም አልነበረም። የ24 ሰዓቱ ደንብ ይህን ልማድ ሕግ ያደርገዋል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፣ አንዴ ሕግ ከሆነ በኋላ ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣው ኮሚቴም የሚሽረው አይመስለኝም፤ ለያዘው ሁሉ ይመቻልና።

ስለዚህ የውሳኔው ሥራ ላይ መዋል ታግዶ ጉዳዩ ሙሉ የተወካዮች ጉባኤ ፊት እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። ጉባኤው ሲጠራም አጀንዳው ቀድሞ በነበረው የ7 ቀን ማስታወቂያ ይላክ፤ የማስታወቂያን ጊዜ ስለማሳጠር የሚወሰነውን ነገር በአጭር ማስታወቂያ መወሰን አያምርም። እውነተኛ አስቸኳይ ጉዳይ ሲያጋጥም ኮሚቴው በ24 ሰዓት ተሰብስቦ ሊወስን ይችላል፤ ውሳኔው ግን በቀጣዩ መደበኛ ስብሰባ ካልጸደቀ እንዲወድቅ ደንቡ ይበል። የምርጫ ደንቡን የሚያጠና፣ ሦስቱ ተጠሪዎች በድምፅ የሚሳተፉበት ንኡስ ኮሚቴ ይቋቋምና ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ መቀመጫዎቹ ባሉበት ይቆዩ። ጸሐፊያችሁም ከእንግዲህ «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ሐረግ ትቶ ስንት ደገፈ፣ ስንት ተቃወመ፣ ስንት ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ፣ ስንት ሰው አልተሰማም የሚለውን ይጻፍ። የመጨረሻዋ ዓምድ እንግዳ ትመስላለች፤ ግን ሞክሯት።

የተከበሩ የተማሪዎች ዲን፣ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎም ያቀረብኩት ውሳኔውን በትእዛዝ ይሻሩልኝ ለማለት አይደለም። አንዳንድ ተማሪዎች ይህንኑ ሊጠይቁዎት እንዳሰቡ ስለሰማሁ እንጂ እኔስ እፈራዋለሁ። በፕራግ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች «ናስዮን» በሚባሉ አራት ወገኖች ተከፍለው እያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ድምፅ ነበረው፤ ቦሄሚያውያኑ (የዛሬዋ ቼክ አገር ሰዎች) በገዛ አገራቸው ከአራት አንድ ድምፅ ብቻ መያዛቸው እውነተኛ ቅሬታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1409 ንጉሥ ቬንሰስላስ አራተኛ በአንድ ድንጋጌ ለእነርሱ ሦስት ድምፅ፣ ለሌሎቹ ሦስት ወገኖች በአንድነት አንድ ድምፅ ብቻ እንዲሆን አዘዘ። ብዙ መምህራንና ተማሪዎች ጥለው ወጡ፤ በጀርመን የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዓመት በእነርሱ ተመሠረተ። ቅሬታው ትክክለኛ ሆኖ ሳለ መፍትሔው ከላይ ስለወረደ ያልተስማማው ወገን ከመውጣት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ይህን ጉዳይ ራሳችን ተነጋግረን እንጨርሰው። ከጽሕፈት ቤትዎ የምንለምነው አሳንሰሩ እንዲጠገንና ቢያንስ አንድ ደረጃ የሌለው የንባብ ክፍል እንዲመለስልን ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዬ የግሌ ነው። የያኔዋ የንባብ ክፍል ዛሬ ይህ ደብዳቤ የሚደርሳችሁ ቢሮ ናት፤ ስትገቡ በስተቀኝ፣ መደርደሪያው የነበረበት የግድግዳ ምልክት አሁንም ይታያል። ባለፈው ሳምንት ብቅ ብዬ ነበር፤ ከበሩ እስከ መስኮቱ ያለፈው ምርጫ ባነሮች ተከምረውባት ሰው ስለማትይዝ ስብሰባችሁን አሁንም ሦስተኛ ፎቅ እንደምታደርጉ ነገሩኝ። ባነሮቹን አንሡና የሚቀጥለውን ስብሰባ እዚያው አድርጉት። በዚያ ስብሰባም ስለዚህች ክፍል የተያዘው ቃለ ጉባኤ ከመዝገብ ወጥቶ፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚለው ይሰረዝልኝ፤ በምትኩም «ከተገኙት 9 አባላት 8 ደግፈዋል፤ አንዷ አልተጠየቀችም» ተብሎ ይጻፍልኝ። ፊርማዬን ለማኖር በተባለው ሰዓት እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኅብረቱ የቀድሞ ጸሐፊ